ሪፎርሙ በሐኪሙ እስክሪብቶ ያልፋል

የጤና ባለሙያዎች በግንቦት 2017 ዓ.ም. ሥራ ካቆሙ ወዲህ ጅማ ላይ አንድ ክርክር አልበረደም። ሄርማታ ሰፈር ቡና ሲጠጣ ይነሳል፣ ባጃጅ ውስጥም ይነሳል። «የሐኪም ሥራ ማከም ነው፤ ስለ ጤና ሪፎርም ምን አገባው?» ይላል አንዱ። «የጤና ሚኒስትሯ ራሳቸው ሐኪም አይደሉ እንዴ? ከዚህ በላይ ምን ድምፅ ይፈልጋሉ?» ይላል ሌላው። «ደመወዝ ሲጨመርላቸው ዝም ይላሉ» የሚልም አይጠፋም።

ሦስቱም ከሜዳ የተነሱ አይደሉም። ግን ሦስቱም የተለያየ ነገር ይቀላቅላሉ። የደመወዝ ጥያቄና የሪፎርም ጥያቄ አንድ ይሆኑባቸዋል። ሐኪም ሆኖ መሾምና ሐኪሞችን መወከልም እንደዚሁ። ደግሞም ሐኪሙ በሪፎርሙ ላይ እጁ የሚያርፈው ሲጠየቅ ብቻ ይመስላቸዋል።

«ሪፎርም» የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ስለተነገረ ትርጉሙ ሳስቷል። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሪፎርም ማለት ጥቂት መሠረታዊ ነገሮችን መለወጥ ነው፤ የሕክምናው ገንዘብ ከየት ይመጣል፣ ማን ምን እንዲሠራ ይፈቀድለታል፣ በሽተኛው በየትኛው በር ይገባል፣ ነገር ሲበላሽ ማን ይጠየቃል። የካርድ ክፍሉን ቀለም መቀባት ሪባን ቢቆረጥለትም ሪፎርም አይደለም።

አድማው ምን ጠየቀ፣ ምን ተመለሰ

የግንቦቱ ጥያቄዎች ደመወዝ ላይ አልቆሙም። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ነበረበት፤ በሆስፒታል ቋንቋ የዲዩቲ ብር የሚባለው። መኖሪያ ቤትና የሥራ ደኅንነት ነበሩበት። ለባለሙያው ለራሱ ነጻ ሕክምና ይሰጥ የሚልም ነበረ። ሰው ሲያክም የሚያድር ሐኪም «እኔ ስታመምስ?» ብሎ መጠየቁ ስለ ሥርዓቱ ብዙ ይናገራል።

ቁጣውን ያጋጋለው የኑሮ ውድነቱ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአንድ ዓመት ውስጥ ከ130 ብር አለፈ። ደመወዙ ብዙም ሳይራመድ ዘይቱና የቤት ኪራዩ ሄዱ። የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ተጎድቷል። ስድስትና ሰባት ዓመት ተምሮ የወጣ ጠቅላላ ሐኪም ደግሞ ከቤተሰቡ እጅ ገና ሳይወጣ ቀረ።

ጤና ሚኒስቴር አድማውን ሕገ ወጥ አለው። ባለሙያዎች ታሰሩ፤ የመብት ድርጅቶችም ተቃወሙ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በመስከረም 2018 ዓ.ም.፣ የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ተሻሻለ። ዝቅተኛው ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ ከፍተኛው ከ21,492 ወደ 39,000 ብር አደገ። ብዙ ሰው «ይኸው ተመለሰላቸው» አለ። ጭማሪው ግን ለመንግሥት ሠራተኛ በሙሉ የተደረገ ነው። ማን ይወስናል፣ ማን ይጠየቃል የሚለው እንደተንጠለጠለ ነው።

ነገሩ ወደ አድማ የሄደበት አንዱ ምክንያት ሕጉ ውስጥ አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ላይ የሠራተኞችን የመደራጀትና ሥራ የማቆም መብት ያውቃል። የመንግሥት ሠራተኛውን ጉዳይ ግን ለዝርዝር ሕግ ይተወዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጣሪዎችን አይመለከትም። የሚመለከታቸውንም ቢሆን፣ አድማ ከማይፈቀድባቸው አገልግሎቶች መካከል ሆስፒታልና ክሊኒክን ይቆጥራል። ስለዚህ የመንግሥት ሐኪም በኅብረት ተቀምጦ የሚደራደርበት ጠረጴዛ የለውም። የሙያ ማኅበራት አሉ። ማኅበር ግን ሐሳብ ያቀርባል፣ ሥልጠና ያዘጋጃል፣ መግለጫ ያወጣል እንጂ ስምምነት አይፈርምም።

ያለው መንገድ ስብሰባ ነው። በ2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከመላ ሀገሪቱ የተጠሩ የጤና ባለሙያዎችን አዳራሽ ውስጥ አነጋግረው ነበር። ከስብሰባው በኋላ ቁጣው ባሰ እንጂ አልበረደም፤ ኢንተርኖች፣ ማለትም በሆስፒታል ልምምድ ላይ ያሉ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች፣ እና ሬዚደንቶች፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማሩ ሐኪሞች፣ ሰልፍ ወጡ። ከስድስት ዓመት በኋላ ደግሞ አድማው መጣ። በአዳራሹና በአድማው መካከል ሌላ ቦታ አልተሠራም።

ያለ ሐኪም የተሠራው ትልቁ ሪፎርም

እዚህ ላይ ለሐኪሞች የማይጥም እውነት አለ። በሀገሪቱ የቅርብ ታሪክ ሰፊው የጤና ሪፎርም ሐኪምን የጠበቀ አልነበረም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። የአሥረኛ ክፍል ትምህርታቸውን የጨረሱ ሴቶች አንድ ዓመት ይሰለጥናሉ፣ በየቀበሌው ጤና ኬላ ሁለት ሁለት ሆነው ይመደባሉ፣ ቤት ለቤት ይዞራሉ። ሽንት ቤት፣ አጎበር፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ዕቅድ። ቁጥራቸው ከ30 ሺህ በላይ ደረሰ።

ፕሮግራሙ በሰፋበት ዘመን፣ ከ1998 እስከ 2005 ዓ.ም.፣ ሚኒስትሩ ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ነበሩ። እሳቸው የሕክምና ዶክተር አይደሉም፤ ሥነ ሕይወትና የማኅበረሰብ ጤና ነው ያጠኑት። በ1992 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከሺህ ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008ቱ ጥናት 67 ወረደ። ለውጡን ኤክስቴንሽን ብቻ አላመጣውም፤ መንገዱ፣ ትምህርቱ፣ የውጭ እርዳታውም ድርሻ አላቸው። ግን «ያለ ሐኪም ምንም አይሠራም» የሚለውን አባባል ያፈርሳል።

«ታዲያ ሐኪሙ ምን ያደርጋል?» የሚለው ወገን ማስረጃው ይኸው ነው። ጥያቄው የሚሆነው ያ መንገድ እስከ የት ያደርሳል ነው። ክትባት በቀበሌ ይሰጣል። አጎበርም በቀበሌ ይታደላል። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ካንሰር፣ ኩላሊት፣ የተወሳሰበ ወሊድ ግን መጨረሻቸው ሐኪም ፊት ነው። በመከላከል ላይ ያተኮረው ሪፎርም ሐኪሙን ዞሮ ማለፍ ይችል ነበር። አሁን የመጣው የጤና መድን ሪፎርም ግን በሐኪሙ እስክሪብቶ ካላለፈ የትም አይደርስም።

አንድ የመድኃኒት ወረቀት

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን፣ በምህጻር ማአጤመ፣ መደበኛ ደመወዝ የሌላቸው ቤተሰቦች በዓመት አንዴ መዋጮ ከፍለው ሲታመሙ ከኪስ ሳይከፍሉ የሚታከሙበት አሠራር ነው። መክፈል የማይችሉ የድሃ ድሃዎችን መዋጮ መንግሥት ይሸፍናል። ሙከራው የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ነው። ከ13ቱ አንዷ የጅማ ዞኗ ሊሙ ኮሳ ናት። ስለዚህ የዚህ አካባቢ ሰው መድኑን ሲያውቀው ዓመታት ሆነውታል፤ ወሬ ነው አይልም።

አንድ የሊሙ ኮሳ ገበሬ እናስብ። ዕድሜው ከሃምሳ አልፏል፣ ስኳር አለበት። ቡናው ሲሸጥ መዋጮውን ከፍሏል። ጤና ጣቢያ ሄዶ ታየ። እዚያ ያየው፣ እንደ አብዛኛው ጤና ጣቢያ፣ ሐኪም ሳይሆን ጤና መኮንን ነው። «ሪፈር» ተጻፈለት። ይህን ወረቀት ሳይዝ ቢመጣ መድኑ እንደ ደንቡ አይሸፍንለትም። ጅማ ደረሰ፣ ካርድ አወጣ፣ ተራ ጠበቀ፣ ሐኪሙ ፊት ቀረበ። ሐኪሙ ሁለት መድኃኒት አዘዘ። ገበሬው ወረቀቱን ይዞ ወደ ሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት መስኮት ሄደ። «ይሄ አለ፣ ይሄኛው የለም።» የሌለው ላይ ምልክት ተደርጎ ወረቀቱ ተመለሰለት። ከግቢው ውጪ ባለው የግል መድኃኒት ቤት ግን አለ። በጥሬ ብር።

ገበሬው አገሩ ሲገባ ስለ መድኑ መመሪያ አያወራም። «ከፍዬም ገዛሁ» ነው የሚለው። ጎረቤቱ ይሰማል። በሚቀጥለው ዓመት መዋጮ ሰብሳቢው ሲመጣ ሁለቱም ያቅማማሉ። አባል በቀነሰ ቁጥር ቋቱ ይሳሳል። ቋቱ ሲሳሳ ለሆስፒታሉ የሚከፈለው ይዘገያል። ሆስፒታሉ ሳይከፈለው ሲቀር መድኃኒት የሚገዛበት ያጥረዋል። ከዚያ መስኮቱ ላይ «የለም» ይበዛል። ክቡ ዞሮ ገጠመ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሐኪሙ ወንበሩ ላይ ሆኖ ወስኗል። በመስኮቱ ያለውን መድኃኒት ብቻ ሊያዝ ይችላል፤ መድኑ ይሠራል፣ በሽተኛው ግን ሁለተኛውን ምርጫ ነው ያገኘው። የተሻለውን ሊያዝም ይችላል፤ ሕክምናው ልክ ነው፣ መድኑ ግን በገበሬው ዓይን ወደቀ። በየትኛውም ቢሄድ የሪፎርም ውሳኔ ነው። ማንም ስብሰባ አልጠራም፣ ማንም እጅ አላወጣም። በአንድ ጠዋት እንዲህ ያለ ውሳኔ ደጋግሞ ይፈርማል።

ከወረፋ ጋርም የተያያዘ ነገር አለ። በሦስት እርከኑ የጤና መዋቅር አንድ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሰው እንዲያገለግል ነው የታሰበው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ግን ወደ 15 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ እንደሚያገለግል ነው የሚነገረው። ከኢሉ አባ ቦር ይመጣል፣ ከከፋ ይመጣል፣ ከዳውሮ፣ ከጋምቤላ ጭምር። በዚህ ጫና ውስጥ ለአንድ በሽተኛ የሚተርፈው ደቂቃ ጥቂት ነው። አንዳንዱ በሽተኛ ደግሞ የሚናገረውን ቋንቋ ሐኪሙ አያውቅም፤ አብሮት የመጣው ዘመድ እያስተረጎመ ነው ታሪኩ የሚወሰደው። ሪፎርሙ በወረቀት ላይ «በሽተኛ ተኮር» ነው ይላል። በሽተኛ ተኮር ለመሆን መጀመሪያ ደቂቃው መኖር አለበት።

አንድ በሽተኛ፣ አምስት አለቃ

ሐኪሙ «መድኃኒቱ የለም» ብሎ የሚናገረው ለማን ነው? ጅማ ላይ መልሱ ቀላል አይደለም። ትልቁ ሆስፒታል የዩኒቨርሲቲው ነው። ዩኒቨርሲቲው ተጠሪነቱ ለትምህርት ሚኒስቴር ነው። የከተማው ጤና ጣቢያዎችና ሸነን ጊቤ ሆስፒታል በኦሮሚያ ጤና ቢሮ መዋቅር ሥር ናቸው። መመሪያውንና ደረጃውን የሚያወጣው ጤና ሚኒስቴር ነው። የመድኑ ገንዘብ በሌላ መዋቅር ይሰበሰባል። መድኃኒቱን በዋናነት የሚያመጣው ደግሞ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ሲሆን ጅማ ላይ ቅርንጫፍ አለው።

እያንዳንዱ የራሱ በጀት፣ የራሱ ሪፖርት፣ የራሱ አለቃ አለው። በሽተኛው ግን አንድ ሰው ነው፤ በአንድ ቀን አምስቱንም ያቋርጣል። አምስቱንም በአንድ ጊዜ የሚያየው ደግሞ በሽተኛው ፊት የተቀመጠው ባለሙያ ነው። ጤና ጣቢያው ሳያስፈልግ ሪፈር እንደጻፈ ያውቃል። መድኃኒቱ ከሦስት ሳምንት በፊት እንዳለቀ ያውቃል። በሽተኛው የላብራቶሪ ውጤት ለመጠበቅ አልጋ ተከራይቶ እንዳደረ ያውቃል። ይህ እውቀት የሚጻፍበት ፎርም ግን የለም። ያሉት ፎርሞች የሚጠይቁት ስንት ሰው ታከመ የሚለውን ነው።

ወንበሩ እንዴት ተነሳ

ድሮ የሆስፒታል ኃላፊ ሐኪም ነበር። ሜዲካል ዳይሬክተር ይባል ነበር። ቀዶ ሕክምና ሠርቶ ሲወጣ የጄኔሬተር ነዳጅ ግዢ ላይ ይፈርም ነበር። ይህ የሐኪም ጊዜ ማባከን ነው የሚል ትችት ነበር፤ ትችቱም ትክክል ነበር። ሐኪሙ በጥቁር ሰሌዳ የተማረው ስለ ልብና ስለ ሳንባ እንጂ ስለ ጨረታ አይደለም።

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ሲኢኦ፣ ማለትም ዋና ሥራ አስፈጻሚ፣ የሚባል ሙያዊ አስተዳዳሪ ነው። ጅማ እዚህ ታሪክ ውስጥ ጉልህ ቦታ አላት። የሆስፒታል አስተዳደር ማስተርስ ትምህርት በ2000 ዓ.ም. ገደማ ሲጀመር የጅማ ዩኒቨርሲቲ ነበር ያስተናገደው፤ የየል ዩኒቨርሲቲና የክሊንተን ፋውንዴሽን ድጋፍ ነበረበት። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የሆስፒታሎች የሪፎርም መመሪያ ወጣ። የካርድ አያያዝ፣ የነርሲንግ አገልግሎት፣ የኢንፌክሽን መከላከል፣ የመድኃኒት አስተዳደር ሁሉም ደረጃ ወጣላቸው።

የተገኘው ጥቅም ግልጽ ነው። ካርድ መጥፋት የዕለት ተዕለት ነገር የነበረበትን ዘመን የሚያስታውስ ሰው ልዩነቱን ያውቃል። የጠፋውም ግን አለ። ሐኪሙ ከነዳጅ ግዢ ሲወጣ ከበጀት ጠረጴዛውም አብሮ ወጣ። የሕክምና ክፍሉ ኃላፊ ሲኒየር ሐኪም ዕቅድ እንዲያስገባ ይጠየቃል። ዕቅዱ ይገባል። በጀቱ ሲመጣ ከዕቅዱ ጋር ላይተዋወቅ ይችላል። «ግብዓት ሰብስበናል» የሚባለው አባባል በጤናው ዘርፍ የተለመደው ለዚህ ነው። ግብዓቱ ይሰበሰባል፤ የት እንደገባ ግን ለሰጪው ተመልሶ አይነገረውም። ሦስት ጊዜ እንዲህ የሆነበት ሰው አራተኛው ስብሰባ ላይ ስልኩን ይነካካል። ሰነፍ ሆኖ አይደለም።

«ሚኒስትሯ ሐኪም አይደሉ እንዴ?» የሚለውም ጥያቄ መልሱ እዚሁ ነው። እርግጥ ከዶክተር ይፍሩ ብርሃን እስከ ዶክተር መቅደስ ዳባ ያሉት የቅርብ ሚኒስትሮች ሁሉም ሐኪሞች ናቸው። ዶክተር ሊያ ታደሰ እንዲያውም ሕክምና የተማሩት እዚሁ ጅማ ነው። ሚኒስትር ግን የሚሾመው መንግሥት ነው፤ ተጠሪነቱም ለመንግሥት ነው። ሙያው ችግሩን እንዲረዳ ያግዘዋል። ተወካይ ግን አያደርገውም።

ሐኪሙም የራሱ ጥቅም አለው

ሌላውን ወገን አለመስማት ፍርድ ያዛባል። ሐኪሞች ሁልጊዜ ከሕዝቡ ጎን ቆመዋል ማለት አይቻልም። በካናዳዋ ሳስካችዋን ግዛት እ.ኤ.አ. በ1962 የሕዝብ ጤና መድን ሲጀመር ሐኪሞች ለ23 ቀናት ሥራ አቁመው ነበር፤ መድኑን በመቃወም። ገቢያችንና ነጻነታችን ይነካል ብለው ነው። ዛሬ ያ መድን የካናዳውያን ኩራት ነው።

ከእኛም ሀገር ምሳሌ አለ። በ2001 ዓ.ም. ገደማ ጤና መኮንኖችን በማስተርስ ደረጃ አሰልጥኖ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና እንዲሠሩ የሚያደርግ መርሐ ግብር ተጀመረ። ጅማም ካሰለጠኑት ዩኒቨርሲቲዎች አንዷ ናት። ከሐኪሞች ዘንድ ጥርጣሬ ነበር። «ቢላ ለማን ነው የሚሰጠው?» የሚለው ስጋት የጥራት ጥያቄ አለበት፤ የሙያ ድንበር ማስከበርም አለበት። ሁለቱን መለየት ለራሱ ለሐኪሙም ይቸግረዋል። በምጥ ተይዛ ስፔሻሊስት የሌለበት ወረዳ ላይ ያለች እናት ግን ድንበሩ አያሳስባትም።

ከሁሉም አስቸጋሪው የሁለት ቦታ ሥራ ነው። ጠዋት መንግሥት ሆስፒታል፣ ከሰዓት የግል ክሊኒክ። ደመወዙ እንዲህ ሆኖ ሐኪሙን በዚህ መውቀስ ይከብዳል። ነገር ግን ተራው የተንዛዛበት በሽተኛ ከሰዓት ወደዚያው ሐኪም ክሊኒክ ሲሄድ፣ ተራውን በማሳጠር ማን ይጠቀማል የሚለው ጥያቄ ይነሳል። በመንግሥት ሆስፒታሎች ውስጥ የተከፈተው፣ በሽተኛው ከፍሎ የሚታከምበት የግል ክንፍ የሚባለው አሠራርም የታሰበው ሐኪሙን በግቢው ለማቆየት ነው። በአንድ በኩል ይጠቅማል። በሌላ በኩል በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ዓይነት ተራ ይፈጥራል። እንዲህ ያለውን ውሳኔ ለሐኪሞች ብቻ መተው ልክ አይሆንም። ያለ ሐኪሞች መወሰንም እንደዚያው፤ ሥራ ላይ የሚያውሉት እነሱ ናቸውና።

የታይላንድ ገጠር ሐኪሞችና የጅማ ተማሪዎች

ሐኪም ሪፎርምን ሲቀርጽ ጥሩ የሚሆነው መቼ ነው? የታይላንድ ታሪክ አንድ ፍንጭ ይሰጣል። እዚያ ሐኪሞች ሲመረቁ ገጠር ሄደው እንዲሠሩ ይገደዱ ነበር። ብዙዎቹ እያጉረመረሙ ሄዱ። ከመካከላቸው ግን የገጠር ሐኪሞች ስብስብ ተፈጠረ። ገበሬ በሬውን ሸጦ ሲታከም በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ናቸው። ከእነሱ አንዱ ዶክተር ሳንጉዋን ኒታያራምፎንግ ከገጠር ሆስፒታል ተነስቶ ወደ ጤና ሚኒስቴር ገባ፤ የመድኑን ሐሳብ ለዓመታት ይዞ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2001 አዲስ መንግሥት ሲመረጥ ሐሳቡ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። በ2002 አንድ ሰው 30 ባት ከፍሎ የሚታከምበት ሀገር አቀፍ ዋስትና ሆነ።

እዚያ ሦስት ነገር ተገጣጥሟል። ሐኪሞቹ ድህነትን በቅርብ አይተዋል። ተደራጅተዋል። ያዩትን ወደ ውሳኔ የሚያደርስ በር አግኝተዋል።

ጅማ ከሦስቱ የመጀመሪያው አላት፤ ያውም ከቆየ ጊዜ ጀምሮ። በ1970ዎቹ አጋማሽ የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሲቋቋም ጀምሮ ትምህርቱ ማኅበረሰብ ተኮር ነው። ኢንስቲትዩቱ ከእርሻ ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ በ1992 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ከሆነም በኋላ ቀጥሏል። የሕክምና ተማሪው ከነርሲንግ፣ ከፋርማሲ፣ ከላብራቶሪ ተማሪዎች ጋር በቡድን ሆኖ አጋሮና አሰንዳቦን ወደ መሳሰሉ ከተሞች ይወጣል። ቤት ለቤት ይዞራል፣ ሽንት ቤት ይቆጥራል፣ የውሃ ጉድጓድ ያያል፣ የእናቶችን ክትትል ይመዘግባል። መጨረሻ ላይ ያገኘውን ለአካባቢው ሰዎች ያቀርባል። ተማሪዎች ይቀልዱበታል፣ «ሽንት ቤት ቆጠራ» እያሉ። ግን ሐኪም በጤና ጣቢያውና በቀበሌው መካከል ያለውን ክፍተት የሚያይበት ጊዜ ያ ነው።

የጎደሉት ሁለቱ ናቸው። ተማሪው ሲመረቅ ያየው ነገር ሪፖርት ሆኖ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ከዚያ ተረኛ ሐኪም ሆኖ ይቀጠራል፤ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ከዚያ በኋላ ዕቅድ ሲያወጣ አይጠራውም። ዕድል ከቀናው ይቀጠራል ማለት ይሻላል። ሀገሪቱ አሁንም ለ10 ሺህ ሰው አንድ ሐኪም ገደማ ብቻ ነው ያላት። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ግን የሕክምና ትምህርት ቤቶች በአንድ ጊዜ በዝተው፣ የቅጥር በጀት ሳይከተላቸው ቀርቶ፣ ሥራ ፈላጊ ሐኪም የሚባል ነገር ታየ። ትምህርት ቤቶቹ ሲከፈቱ ሐኪም ተጠይቆ ቢሆን «የማስተማሪያ ሆስፒታሉና መምህሩ የታሉ?» ይል ነበር።

ከዚህ በኋላ

የሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት ነገሩን ያጠብቁታል። የውጭ እርዳታ እየሳሳ ነው። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ድጋፍ ሲቋረጥ ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ባለሙያዎችን ውል አቋርጧል። ከሀገሪቱ ጠቅላላ የጤና ወጪ 30 በመቶ ገደማው አሁንም በቀጥታ ከቤተሰብ ኪስ ነው የሚወጣው። ሁለቱ ሲደመሩ መንግሥት መድኑን ከማጠናከር ሌላ ብዙ መንገድ የለውም። መድኑ በተስፋፋ ቁጥር ደግሞ ሐኪሙ ምን ያዛል፣ ማንን ሪፈር ይላል፣ ማንን አልጋ ያስይዛል የሚለው የገንዘብ ጉዳይ ይሆናል። መድን ከፋዩ መቆጣጠር ይፈልጋል። ሐኪሙ «ሙያዬ ውስጥ አትግቡብኝ» ይላል። ይህ ግጭት አይቀርም፤ መድን የጀመረ ሀገር ሁሉ አይቶታል።

ቦታ ካልተዘጋጀለት ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንዱ ሌላ አድማ ነው። ሌላው ድምፅ የለውም፤ መልቀቅ ነው። ሐኪሙ ወደ ግል፣ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ውጭ ይሄዳል። አድማ ዜና ይሆናል። አንድ ሲኒየር ሐኪም ሲለቅ ግን የሚያውቁት እሱን ሲጠብቁ የነበሩ በሽተኞችና ያስተምራቸው የነበሩ ሬዚደንቶች ናቸው።

ቦታውን ከባዶ መሥራት ግን አያስፈልግም። በሪፎርሙ መመሪያ መሠረት እያንዳንዱ ሆስፒታል የመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴ ሊኖረው ይገባል። ሐኪሞች፣ ፋርማሲስቶች፣ ነርሶችና አስተዳዳሪዎች አብረው የሚቀመጡበት ነው። የትኛው መድኃኒት ይገዛ፣ ከዝርዝሩ የትኛው ይውጣ የሚለውን የሚመለከተው እሱ ነው። የሊሙ ኮሳው ገበሬ ወረቀት ላይ «የለም» የተባለው ነገር በሥርዓቱ መድረስ የነበረበት እዚያ ነው። ስለዚህ ሪፎርሙ የት እንደደረሰ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ሆስፒታሉን ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ አጭር ነው። ኮሚቴው ዘንድሮ ስንት ጊዜ ተሰበሰበ? ቃለ ጉባኤውስ ለመድኑ ቢሮ ይላካል ወይስ እዚያው ፋይል ውስጥ ነው?